የፈረሰው የሸርተቴ አዳራሻችን ኦርጋን

ዴልበርት ወንድሜ፣ ጉልበትህ ተሻለህ ወይ? እኔ ደህና ነኝ፤ ትናንት ግን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተዋርጃለሁ።

ያ ያፈረሱብን የበረዶ ሸርተቴ አዳራሽ ኦርጋን እህቴ ያለችበት ከተማ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ አገኘሁት። ሆኪ ሲሆን፣ ትግል ሲሆን፣ ሰርከስ ሲመጣ ቬርናዬ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ስትጫወተው የኖረችው ራሱ ነው። እኛ ጋ ቦታው መኪና ማቆሚያ ሆኖ ቀረ፤ እዚህ ግን ኦርጋኑ ቅዳሴ ያጅባል። ድምፁን አንዴ ልስማ ብዬ ኋላ ተቀመጥኩ። መዝሙሩ ሊያልቅ ሲል ዜማው ሽቅብ ወጣ፤ ልክ ቬርና ተጫዋቾቹን ለጎል ስታነሳሳ እንደምታደርገው። እግሬ ወለሉን ደበደበ፤ አፌም «አግባው!» አለ። ምእመኑ በሙሉ ዞሮ አየኝ።

ሕዝቡ ሲወጣ ኦርጋን የምትጫወተውን ሄድዊግን ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ።

«እዚህ የሚገባ ጎል የለም፣ አባባ» አለችኝ።

«የባለቤቴ ኦርጋን ነበር» አልኳት።

ትንሽ አየችኝና «እስቲ እንዴት ነበር የምትጫወተው?» አለች። አንጎራጎርኩላት፤ ተጫወተችው። ይሄኔ ቄሱ ልብሰ ተክህኖአቸውን ግማሽ እንዳወለቁ ብቅ ብለው «አግባው!» ብለው አይጮኹ መሰለህ?

ለቬርና ሁልጊዜ ዕረፍት ነበር የምለምንላት። ሴትዮዋ ማረፍ መች ትወድ ነበር? ከትናንት ጀምሮ እግዚአብሔር ኦርጋን እንዲሰጣት እየጸለይኩ ነው።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። ሚስትህን ሜቭን ሳምልኝ፤ ድመቴን አደራ። ለነዚያ ምላሰኛ የካርታ ጓደኞቻችን ግን ይህን እንዳትነግርብኝ።

ሎርን