ኪስ የገባው ሙዝ

ናፊሳዬ፣
እዚህ ድሬ እንደ ደሴ ጋቢ ሳይሆን ጥላ ነው የሚፈለገው። ጠዋት ከይማም ጋር ፈጢራ በማር በልተን፣ ለምሳ በሙሽርነታችን ወደ በላንበት የሀዎ ምግብ ቤት ሄድን። ያኔ ይማም ከሩዙ ጋር የቀረበለትን ሙዝ ለኋላ ብሎ ኪሱ ሲከተው፣ ሀዎ «አቦ፣ ሙዙ ከሩዙ ጋር ነው የሚበላው!» ብላ ጮኸችበት። ሀዎ አኼራ ሄዳለች፤ አሁን የምታስተናግደው ልጇ አያን ናት። ይማም እያወቀ ሙዙን ኪሱ ከተተ። «አቦ፣ ከሩዙ ጋር ነው የሚበላው!» አለች አያን፤ ድምፁ ቁርጥ የእናቷ። ለካ ይህንን ሊሰማ ኖሯል፤ ሙዙን ልጦ ግማሹን ወደኔ ሲያደርግ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

ካርዱ ሞላብኝ። ልጆቹን ሳሚልኝ። ስንመለስ ሩዝ እሠራልሻለሁ፤ አንቺ ሙዙን ኪስሽ ክተቺ፣ እኔ እንደ ሀዎ እጮህብሻለሁ።

ሉባባ