ስድስተኛው ቤት

ጥቅምት 6፣ 2016 ዓ.ም.

ውሃ ከጠፋ አራተኛ ቀኑ። ከቦቴ ሁለት በርሜል አስሞላሁ።

ከሰዓት የዕድሩ ኮሚቴ ስብሰባ። የምናዘጋጀው የጅጅጋ ነባር ቤተሰቦች መጽሐፍ... እስካሁን አሥራ አንድ ቅጽ ተመልሷል። አሥራ አንዱም የማይረባ። አንዱ አያቱ ከአባቱ በኋላ እንደተወለደ ጽፏል። ሌላው ሰባተኛ ቤቱን ንጉሥ ሰሎሞን ላይ አድርሶ ፈርሟል። ፈርሟል እኮ!

ቅጹን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ከራስ ጀምሮ እስከ ሰባት ቤት፤ በእያንዳንዱ ስም ትይዩ የሰነዱ ቁጥር። ከግርጌው በደማቁ፦ "ያለ ሰነድ ተቀባይነት የለውም።" ምኑ ነው የሚከብደው? ሃያ ስድስት ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቼ፣ የአባቱን ስም ሳያበላሽ የሚጽፍ ሰው ማየት ብርቅ ሆኖብኛል።

ልንነሣ ስንል ሊቀመንበሩ ሳቅ እያለ፣ "ጋሽ መልአክ፣ የእርስዎስ ቅጽ?" አለኝ።

"ጊዜ አለ" አልኩት። እስከ ኅዳር መጨረሻ ነው።

ጥቅምት 9

ቅጹን አውጥቼ ተቀመጥኩ። መልአክ። ኃይለኢየሱስ። ገብረክርስቶስ። አለቀ።

ሦስት መስመር። አራቱ ባዶ።

አያቴ ከሐረር በቅሎ ጭኖ ሲመጣ እዚህ ከአሥር የማይበልጥ ቆርቆሮ ቤት ነበር ይባላል። ከተማው ሁሉ የሚያውቀው ሰው። የአባቱን ስም ግን አላውቅም። ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ነው የተማርኩት። የሰው ነገሥታት ከነዘመናቸው እቆጥራለሁ...

አባባን አንድ ቀን እንኳን አልጠየቅኩትም። ለምን?

ጥቅምት 13

ቤተክርስቲያን ሄድኩ። የጥምቀት መዝገቡን ፍለጋ። "የቆየው ሁሉ በ2010 ሐምሌ ከእሳቱ ጋር ሄደ ልጄ" አሉኝ ቄሱ።

"ግልባጭ እንዴት አይያዝም?" ብዬ ጮህኩባቸው።

 የተቃጠለባቸው እሳቸው፣ የተቆጣሁት እኔ።

ጥቅምት 22

ዛሬ ተገኘ።

ከመሥሪያ ቤቱ ጀርባ ያለው መጋዘን። አንድ ሳምንት ሙሉ ከምሳ በኋላ እኔና ሪድዋን እዚያ ነን። ሪድዋን መዝገብ ቤት በእኔ ሥር ነው የሚሠራው፤ የሐረር ልጅ፣ አፉ አያርፍም። ምስጥ የበላው፣ ዝናብ ያጣበቀው፣ በሲባጎ የታሰረ ማመልከቻ... ማን እንደዚህ አድርጎ ያስቀምጣል! ስንት ጊዜ ጽፌ አመልክቻለሁ።

"ጋሼ፣ ገብረክርስቶስ የሚል አለ" አለ ሪድዋን። "ገብረክርስቶስ ሣህሉ።"

ሣህሉ። አራተኛው ቤት!

ነጠቅኩት። የካቲት 1927። የእጅ ጽሕፈት፣ ከግርጌው የአውራ ጣት አሻራ። እንዲህ ይላል፦

"እኔ ገብረክርስቶስ ሣህሉ በቱሊ ጉሌድ ከዐዎ ዐብዲኑር የወለድሁት ቢሌ የሚባል የስድስት ዓመት ልጅ አለኝ። ጦርነት ይመጣል ይባላልና፣ ብሞት ልጄ መሆኑ ታውቆ በመዝገብ ይጻፍልኝ።"

ሪድዋን ከትከሻዬ በላይ ያነባል። "እንኳን ደስ ያለዎት ጋሼ! ቅድመ አያት ፈልገው አጎት ጨምረው አገኙ።"

ሳጥን ላይ ተቀመጥኩ። "አመመዎት?" አለኝ።

"አቧራው ነው" አልኩት።

ጥቅምት 23

በትክክል መጻፍ አለብኝ። ሌላው ሰው ቢጽፈው እንደምጠይቀው።

ሰኔ 1991። የአባባ ሰልስት። ድንኳኑ በር ላይ እንግዳ የምቀበለው እኔ ነበርኩ። አንድ ረጅም ሽማግሌ መጣ። ሽርጥ፣ በትር፣ በገመድ የሚስባት ነጭ ፍየል። ሰባ ዓመት ይሆነዋል። "አዴር" አለኝ። አዴር ሶማሌው የአባቱን ወንድም የሚጠራበት ነው፤ አጎትም የወንድሙን ልጅ መልሶ እንደዚያው ይለዋል። ግን ገበያ ውስጥም ማንም ለማንም ይለዋል። የገበያውን መስሎኝ ነበር።

"ወንድሜ ሞተ ሲሉኝ መጣሁ።"

"ወንድምህ ማነው?"

አንተ አልኩት። በሰባ ዓመቱ።

በትሩን መሬት ላይ ተከለና ዓይኑን ጨፈን አድርጎ መቁጠር ጀመረ። "ቢሌ። ገብረክርስቶስ። ሣህሉ..." እያንዳንዱ ስም ላይ በትሩን መታ ያደርጋል። አላቆመም። ወደ ላይ እየሄደ ነው። የሐበሻ ስሞች፣ በሶማሌ አፍ።

ገባኝ አልኩ። ለውርስ ነው የመጣው። ከሆነ ሰው ስም ሸምድዶ...

ቆጥሮ ሲጨርስ፣ "ሰነድ አለህ?" አልኩት።

"ምን?"

"ወረቀት። ማስረጃ።"

"አባቴ ነው የሰጠኝ። በቃል።"

"በቃል ቤት አይወረስም።"

ለቀስተኛው ሁሉ እየሰማ። ሽማግሌው፣ "ቤት ማን ጠየቀህ?" አለ።

ፍየሏን አስመለስኩ። በእኛ በክርስቲያኖቹ ባራኪ ተባርካ እንድትታረድ ብሎ፣ ሰዉ እንዲበላለት፣ በሕይወቷ ያመጣትን። ከቱሊ ጉሌድ ድረስ እየሳበ። ልጆቹ ፊት፣ ሴቶቹ ፊት፣ ፍየሏን ይዞ ተመለሰ።

አሁን የምፈልጋቸው ስሞች እነዚያ ናቸው። ሁሉንም ሰምቻቸዋለሁ። በኪሴ እስክሪብቶ ነበረኝ። ሁልጊዜ አለኝ።

ጥቅምት 25

ቀለምወርቅ ቤት ሄድኩ። ታላቅ እህቴ ናት፤ ምንም አይረሳትም። ወረቀቱን ዘረጋሁላት። መነጽሯን እንኳን አላነሳችም።

"ነጯ ፍየል" አለች።

"ታውቂ ነበር?"

"አባባ በየዓመቱ ለዐረፋ ቱሊ ጉሌድ የሚሄደው ምን ሊሠራ ይመስልህ ነበር? አየር ሊቀይር?"

"ታዲያ ያን ቀን ለምን አልተናገርሽም?"

"እኔ? እናታችን እዚያው ፍራሽ ላይ ተቀምጣ? እሷ ፊት የቢሌ ስም አይነሣም ነበር።" አለች። "አንተንስ ማን ይናገርሃል? ያን ቀን አባባ ራሱ ቢነሣ መታወቂያ ትጠይቀው ነበር።"

አልሳቅኩም። እሷም አልሳቀች።

"ሂድ" አለች። "ደግሞ ለቅጹ ብለህ እንዳትሄድ።"

ለምን ነው የምሄደው? ለቅጹ ነው። እውነቱን ለመናገር አሁንም ለቅጹ ነው።

ኅዳር 2

ቱሊ ጉሌድ። በሚኒባስ፣ ከጫት ዘንቢል ጋር ተጣብቄ። እንደወረድኩ የመጀመሪያውን ሱቅ ጠየቅኩ። "የቢሌ ቤት?" "ቢሌ ሞቷል። ልጁ ሀምዲ ጤና ጣቢያ ናት።" ሁሉም ያውቃታል።

ቢሌ የሞተው በ2004 ነው። ጅጅጋ ሆስፒታል አንድ ወር ተኝቶ ነበር። አንድ ወር... ከቤቴ የሃያ ደቂቃ መንገድ።

ሀምዲ አርባ አምስት ግድም ትሆናለች። ነርስ። አማርኛዋ ጥርት ያለ። ስሜን ስነግራት መርፌውን ትሪው ላይ አስቀመጠች።

"የኃይለኢየሱስ ልጅ?"

"አዎ።"

"ሰነድ ይዘው መጡ?"

ይዤ ነበር። ኮፒውን አወጣሁ። ማውጣቴ ራሱ አሁን ያሳፍረኛል። ቆማ አነበበችው። አሻራው ላይ ስትደርስ ጣቷን አሳረፈችበት፣ የራሷን አውራ ጣት። ከዚያ አጣጥፋ መለሰችልኝ።

ቤቷ ወሰደችኝ። ሻይ በወተት ቀረበ። የወንድሟ የማሃድ ልጅ ዒፍራህ፣ ስድስት ዓመቷ፣ ሶፋው ላይ ትዘላለች። ሀምዲ በሶማሊኛ አንድ ነገር አለቻት። ልጅቷ ቀጥ ብላ ቆመች።

"ዒፍራህ፣ ማሃድ፣ ቢሌ፣ ጉሃድ፣ ዐብዲኑር፣ ዐብዲናስር..." ቀጠለች። እንደ ውሃ።

"ጉሃድ ማነው?" አልኩ።

"የአያቴ የዐዎ ወንድም። አባቴን ያሳደገው አጎቱ።"

"ገብረክርስቶስስ?"

ሀምዲ ሻይዋን ጠጣች። "አባቴ ከእናንተ ለቅሶ ሲመለስ ሦስት ቀን ከሰው አልተነጋገረም። በአራተኛው ሰበሰበን። ‘ከዛሬ ጀምሮ ከእኔ ቀጥሎ ጉሃድ በሉ’ አለ። ወላሂ፣ እኛ ዘንድ ይህን መለወጥ ምን ማለት እንደሆነ አያውቁም። ሰው አባቱን ካልቆጠረ ማን ይለዋል? ካሳፈረው ስም ግን የእናቱ ሰው ስም ይሻለዋል አለ።"

"የድሮው ቆጠራ..."

"ለዚያ ነው የመጡት?"

 ልጅቷ ቆጥራ ስለጨረሰች ሽልማት ትጠብቃለች። ኪሴ ውስጥ እስክሪብቶ ብቻ ነበር። ሰጠኋት።

ኅዳር 3

ምንም አልሠራሁም።

ኅዳር 7

ቀለምወርቅ ደወለች። "ይቅርታ ጠየቅህ?"

ሁሉን ነገርኳት። ሻዩን፣ ልጅቷን፣ ቆጠራውን...

"ይቅርታ ነው ያልኩህ።"

አልጠየቅኩም። ሦስት ሰዓት ተቀምጬ ያቺን ቃል አላወጣኋትም።

ኅዳር 9

ቅጹን ለኮሚቴው አስረከብኩ። አራት መስመር ሞልቶ፣ ሦስቱ ባዶ። ሊቀመንበሩ ተቀብሎ ከሌሎቹ ጋር ደረበው። ቢቀልድብኝ ይሻለኝ ነበር።

ወደ ቱሊ ጉሌድ ተመለስኩ። ያለ ቦርሳ፣ ያለ ወረቀት። ጤና ጣቢያው በር ላይ ተራ የሚጠብቁ እናቶች መካከል ተቀመጥኩ። ተራዬ ሲደርስ ገባሁ።

"ምንዎን ነው?" አለች ሳታይ። ቀና ስትል አወቀችኝ።

"ፍየሏን የመለስኩት እኔ ነኝ" አልኩ። "አባቴ አይደለም፣ ቤተሰቡም አይደለም። እኔ። አጥፍቻለሁ።"

"ይህን ማለት ለእሱ ነበር።"

"አውቃለሁ።"

መቃብሩ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። ድንጋይ ብቻ፣ ስም የተጻፈበት ነገር የለም። አብረን ቆምን።  "አዴር" አልኩ። በሃያ አራት ዓመት ዘግይቼ።

ስንመለስ መንገድ ላይ፣ ወደ ፊት እያየች፣ "እኔ ያን ጊዜ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር" አለች። "የድሮውን ነው በልጅነቴ የተማርኩት። ታናናሾቼ አያውቁትም።"

ቆምኩ።

"አሁን አይደለም" አለች። "አባቴ የዘጋውን ነው የምከፍተው። ማሃድን ልጠይቅ።"

ኅዳር 18

ስልክ። "ማሃድ እሺ ብሏል። እስክሪብቶ እንዳትይዝ ብሏል።"

አንተ አለችኝ።

ኅዳር 19

ግቢው ውስጥ፣ ዛፍ ሥር። ማሃድም ነበር፣ ትልቅ ሰውነት ያለው ዝምተኛ። እጄን ጨበጠ፣ ኪሴን በዓይኑ ፈተሸ።

ሀምዲ የአባቷን በትር ይዛ ተቀመጠች። መጀመሪያ ያልጠየቅኩትን ነገረችኝ። አያታችን ለምን ለቢሌ ብቻ እንዳስተማረው። ዐዎ ናት ያስገደደችው። "ልጄ አባቶቹን ሳይቆጥር ጓደኞቹ መሀል አይቆምም" ብላ። አያታችን ታዲያ በመጣ ቁጥር ልጁን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ... እዚያ ቤት ይጠየቃልና አስተማረ። እኛ ቤት የጠየቀ የለም።

ከዚያ ጀመረች። በትሩን መታ እያደረገች። እስከ አምስተኛው ደረሰች። ስድስተኛው ላይ በትሩ አየር ላይ ቀረ።

"አጭር ስም ነው" አለች። "ልጅ ሆኜም እሱ ነበር የሚያስቸግረኝ።"

እንደገና ከሥር ጀመረች። አሁንም እዚያው። ሦስተኛ ጊዜ ዘላው ሰባተኛውን ጠራች። ሰባተኛው አለ። ስድስተኛው የለም። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ አልተጠራምና ሄደ።

ማሃድ በአማርኛ የተናገረው አንድ ነገር ይህ ብቻ ነው፦ "አንተ ሰምተኸዋል።"

"በቃልህ ስትይዘው ጻፈው" አለችኝ ሀምዲ ስሸኝ። "እስከዚያ ወረቀት ላይ እንዳላይ።"

ኅዳር 23

በየቀኑ በስልክ እቆጥርላታለሁ። ዛሬ ባጃጅ ውስጥ ሆኜ አምስተኛውን ከሰባተኛው አገላብጬ ጠራሁ። ሳቋ ባጃጁን ሞላው፤ ሾፌሩ ዞሮ አየኝ። "የዩኒቨርሲቲ ሰው! ኢና አዴር፣ ዒፍራህ ትበልጥሃለች።"

ኢና አዴር። የአጎት ልጅ ማለት ነው። ሾፌሩ ሶማሌ ነው፣ ገብቶታል። "ዘመድህ ናት?" አለኝ።

"ዘመዴ ናት።"

"ሰነድ" የሚል ቃል በአእምሮዬ አለፈ። ሾፌሩ ግን አልጠየቀም።

ኅዳር 29

ዛሬ ሳልሳሳት ቆጠርኩ። ፈቀደችልኝ።

ቅጹን ከኮሚቴው አስመልሼ ሞላሁት። ከግርጌው ያለውን ደማቅ መስመር በማስመሪያ ሰረዝኩ፣ በሁሉም ቅጽ ላይ። ሊቀመንበሩ፣ "ንጉሥ ሰሎሞንንም ልናስገባ ነው?" አለ። ሄደን ቁጭ ብለን እንሰማዋለን አልኩት። ሰሎሞን ድረስ እንዴት እንደሚቆጥር ይንገረን።

ከገብረክርስቶስ ሥር ሁለት መስመር አወጣሁ። ቢሌ። ኃይለኢየሱስ። ታላቁን አስቀድሜ።

መልአክ። ኃይለኢየሱስ። ገብረክርስቶስ። ሣህሉ። አምባዬ። ከዚያ ባዶ መስመር። ወልደሩፋኤል።

የሰነድ ቁጥር በሚለው ቦታ፣ በአምባዬና በወልደሩፋኤል ትይዩ፦ "ቢሌ ገብረክርስቶስ፣ በቃል።"

ሀምዲ፣ ዒፍራህ አሁንም ጉሃድ እያለች ነው የምትቆጥረው አለችኝ። ማሃድ ገና ያስብበታል። ያስብበት። አላስቸኩለውም።

ስድስተኛውን ዛሬም ሞከርኩ። ዓይኔን ጨፍኜ ድንኳኑ በር ላይ ቆምኩ። በትሩ ሲመታ ይሰማኛል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... የፍየሏ ገመድ ይታየኛል። የጫማው አቧራ ይታየኛል። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አያለሁ። የሚሰማኝ ግን የራሴ ድምፅ ነው፣ ሰነድ አለህ ሲል።