ማንም ለማንም አይወድቅም

ለውድ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎን ብርዱ እንዴት አድርጎታል? እማዬ በስልክ ደህና ነው ትለኛለች፤ እሷ ግን ጣሪያው ቢደረመስም ደህና ነን ከማለት ስለማትመለስ ከራስዎ ብሰማው ይሻለኛል። እኔ ደህና ነኝ። ግራ ዓይኔ ሥር ትንሽ ጠቁሯል፤ የተለመደ ስለሆነ አያስቡ።

ባለፈው እሑድ ሳይነግሩኝ መጥተው የማሰለጥንበት አዳራሽ በር ላይ ቆመው ሳይዎት ልቤ ቅቤ ጠጣ። ግን ተማሪዎቼ ፊት ነበርኩ፤ ተኮራርፈን ዓመት ማለፉ ደግሞ ምላሴን አስሮት ነበር። እንደ ማንኛውም እንግዳ ወንበር ሰጥቼዎት ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ያን ቀን ከአፌ ያልወጣውን እነሆ ዛሬ ልጻፈው።

ያስኮረፈዎት ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም ያጻፍኩት ሕግ እንደሆነ አውቃለሁ፤ «ማንም ለማንም አይወድቅም» የሚለው። ዕድሜ ልኩን ማርሻል አርት ላስተማረ ሰው የተለጠፈ ስድብ ነው ብለዋል አሉ። አባዬ፣ ስድብ አይደለም። ለሕዝብ በሚያሳዩት ትርዒት ላይ ከልጅነቴ ጀምሮ እጅዎን የምይዘው እኔ ነበርኩ። አንጓዬን ጠምዘዝ ሲያደርጉት እበራለሁ፣ መሬቱን በክንዴ ጧ! አደርገዋለሁ፣ ሕዝቡ ያጨበጭባል። ሁሉም ተማሪዎ እንደዚያ ነበር፤ መምህር ሲነካህ መውደቅ አክብሮት፣ ቆሞ መቅረት ነውር። ጥቁር ቀበቶዬን ታጥቄ ዓለም ጠበበችኝ ባልኩበት ሰሞን ነው አንድ ሰውዬ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ቦርሳዬን የያዘው። አንጓውን ልክ እንዳስተማሩኝ ጠመዘዝኩት። ንቅንቅ አላለም። ለካ ሌባው መውደቅ አልተማረም! ቦርሳዬን ይዞ፣ ትከሻዬን አውልቆ ሄደ።

እልህ የያዘኝ ያኔ ነው። እኔ ጋ ተጋጣሚ አይተባበርም። የያዘ ከልቡ ይይዛል፣ የገፋ ከልቡ ይገፋል፣ ጓንት አጥልቀን የጥርስ መከላከያ ነክሰን የእውነታችንን እንመታታለን። በጂንስ ሱሪና በመንገድ ጫማ የምንለማመድበት ቀንም አለ፤ ነጭ ልብስሽን እስክትለብሺ ቆሞ የሚጠብቅ ሌባ የለም። ጭካኔ ነው የሚሉኝ ሞልተዋል። እኔ ደግሞ ጭካኔ ማለት የማይሠራ ነገር አስተምሮ፣ ቀበቶ አስታጥቆ፣ የሰው ልጅ ወደ መንገድ መላክ ነው እላቸዋለሁ። በቃኝ ያለን እኔ ጋ ማንም አይነካውም። ለባልደረባው አዝኖ ወይም አፍሮ የወደቀ ግን ሳምንቱን ሙሉ ምንጣፉን በበረኪና ያጥባል። ቤቱ ድሮ ጋራዥ ስለነበር የሞተር ዘይቱ ከሥር ብቅ ብቅ ይላል፤ ሥራው የዋዛ አይደለም። ብረቱ ብለን የምንጠራው በያጅ ተማሪዬ አጥቧል፣ ነርስ የሆነችው ተማሪዬም እያጉረመረመች አጥባለች። ባልዲውን ነክቼ የማላውቅ እኔ ብቻ ነኝ እያልኩ እንዴት እጎርርባቸው እንደነበር ቢያዩ!

አሁን ዋናውን ልንገርዎ። ዕቃ የሚያመላልስ ሞተረኛ ተማሪ አለኝ። በቀደም አንድ ታክሲ በሩን ብርግድ አድርጎበት ከሞተሩ ተፈናጥሮ አስፋልት ላይ አረፈ። ከዚያ ተነሣና ሞተሩን ፈለገ። ትራፊክ ፖሊሱ ሆስፒታል ካልወሰድኩህ ቢለው የተላጠ ክርኑን እያሳየ ሳቀበት። እንዴት ተረፍክ ስለው አገጬን ደረቴ ላይ ለጠፍኩ፣ መሬቱን በክንዴ መታሁት፣ ተንከባለልኩ አለኝ። አባዬ፣ ያ የእርስዎ ነው! ሶፋውን ወደ ግድግዳ ገፍተን፣ ሳሎን ውስጥ፣ እማዬ ብርጭቆዬን ትሰብሩብኛላችሁ እያለች ስትጮህ ያስተማሩኝ። ቡጢ፣ ማነቅ፣ እርግጫ ስል እውላለሁ፤ ከማስተምረው ሁሉ አስፋልት ላይ ተፈትኖ ሰው ያተረፈው ግን የእርስዎ አወዳደቅ ነው። ተማሪዎቼን ሰብስቤ የማን ትምህርት እንደሆነ ነገርኳቸው። ያን ቀን በኩራት እግሬ መሬት አልረገጠም።

እሑድ ብረቱ እባክዎ አንድ ነገር ያሳዩን ብሎ የለመነዎት ለዚህ ነው፤ ሊያሳፍርዎ አልነበረም። ጫማዎን አውልቀው ጎን ለጎን አስቀመጡ፣ እጅጌዎን ሰበሰቡ፣ አንቺ ነይ አሉኝ። እንደ ድሮው እጅዎን ሰጡኝ። ያዝኩት። እንዲህ ቀጥኗል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ጠመዘዙኝ፣ በረርኩ፤ ክንዴ ምንጣፉን ሲመታው ቆርቆሮው ጣሪያ ሳይቀር አስተጋባ። ተማሪዎቼ ዞረው ግድግዳው ላይ ያለውን ቀይ ጽሑፍ አዩ። ብረቱ ራሱን አከከ። እጄን ይዘው አነሡኝና የትከሻዬን አቧራ አራግፈው፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው አወዳደቅሽ አሁንም ያምራል አሉኝ። ከዚያ ጫማዎን አድርገው፣ ሁሉንም በእጅ ተሰናብተው ሄዱ። ያችን ቃል ከዚያ ቀን ወዲህ ሳገላብጣት ሰነበትኩ። አንድ ጊዜ እስቃለሁ፣ አንድ ጊዜ ዓይኔ እንባ ያቀርራል።

እማዬ ነጩን ልብስዎን ከሻንጣ አውጥተው ቢጫ ሆኗል እንዴ ብለው እንደጠየቋት ሹክ ብላኛለች። እባክዎ አይቆጧት። ቅዳሜ ጠዋት ጀማሪዎች ይመጣሉ። መጣሉን እኔ አስተምራለሁ፤ መውደቁን እርስዎ ያስተምሩልኝ። እኔን ብለው ሳይሆን ከእርስዎ የተሻለ ስለሌለ ነው። ሕጉን ግን ከግድግዳው አላነሣም፤ ግትርነቴን ከማን እንደወረስኩት ያውቃሉ። ሕግ ደግሞ ለሁሉም እኩል ነው፤ ለአሰልጣኟም ጭምር።

ብዙ የምጽፈው ነበረኝ፤ ነገር ግን ባልዲው ቆሞ ይጠብቀኛል፣ የምንጣፉም ግማሽ ገና ነው። ወረቀቱ በረኪና በረኪና ከሸተተዎ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ከሰኞ ጀምሮ እጄ እንዲህ ነው። ብረቱ በአጠገቤ ባለፈ ቁጥር ጥግ ጥጉን እንዳትረሺ ይለኛል፤ ደግ አደረገ።

ፈጣሪ ለጉልበትዎ ብርታት፣ ለእማዬ ረጅም ዕድሜ ይስጥልኝ። ቅዳሜ በሩን ከፍቼ እጠብቅዎታለሁ።

በእርስዎ የምትኮራ፣
አወዳደቋ አሁንም የሚያምር ልጅዎ