የግንቦት ብርድ

ሰቆጣ፣ ግንቦት ፲፪ ቀን ፲፱፻፷፪ ዓ.ም.

ለወንድሜ ለጋሼ ጓንጉል፤ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ የመድኃኔ ዓለም ቸርነት አልተለየንም።

አንድ በያጅ ጄኔሬተር ይዞ የቤተ ክርስቲያኑን የብረት በር ሊሠራ መጥቶ፣ እኔም ብየዳ እየተማርሁ ነው። የብየዳውን ዘንግ እንደ ክብሪት ጫር አድርጎ ትንሽ ማንሳት ነው፤ ከዘገዩ ብረቱ ላይ ይጣበቃል። ዓይኔ ግን በብልጭታው ቀልቷል።

ጎረቤቶች «ቀጥቃጭ ሆነ» ብለው ሲያሙኝ ስቄ አለፍሁ። ብቻ ባለቤቴ ጥሩሐረግ፣ ከሥራ ስመለስ የሕፃኗን ፊት በነጠላ ትሸፍናለች። «ብርድ ነው» ትለኛለች፤ በግንቦት! ትናንት ደግሞ ሕፃኗ አንገት ላይ አዲስ ክታብ አየሁ። «ለሳል ነው» አለች። ስትስል ሰምቼ አላውቅም።

ጥሩሐረግ እጅ ትነሣለች። ሕፃኗ ማንን እንደምትመስል ጠይቀውኝ ነበር፤ ፊቷን ያየሁ ዕለት እነግርዎታለሁ።

ታናሽ ወንድምዎ ደጅይጥኑ