አምስት ሰዓት ከሃያ ላይ ስለቆመው የኮሚቴው ሰዓት

ጥር 20 ቀን 1974 ዓ.ም.
ሸዋ ሮቢት

ለጓድ ተክሌ
የመስኖ ውሃ ክፍፍልና የሰዓት ግዢ ኮሚቴ ሊቀመንበር

በገበሬ ማኅበራችን ክልል ውስጥ ከማክሰኞ ጥር 18 ቀን ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ጀምሮ ጊዜ የቆመ መሆኑን ለመላው የማኅበሩ አባላት በጥልቅ ሐዘን አስታውቃለሁ። በአደጋው የተጎዳ ሰው የለም። ብስክሌቷም ደኅና ናት። የቆመው በእጄ ላይ የታሰረው፣ ኮሚቴዎ መርጦ የገዛው ባለ ወርቅ ቅብ ሰዓት ብቻ ነው፤ ነገር ግን በቃለ ጉባኤያችሁ መሠረት ከእርሱ ውጭ ጊዜ የሚባል ነገር ስለሌለ፣ የቀረውም አብሮ ቆሟል።

ክቡር ጓድ ሊቀመንበር፣

ይህ ደብዳቤ በእጅዎ ሲገባ እርስዎና መላው ቤተሰብዎ፣ እንዲሁም በቦዩ ግርጌ ያሉት የፓፓያ ተክሎችዎ በፍጹም ጤንነት እንዲገኙ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከሙቀቱና ጎማ ከመንፋቱ በቀር አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ። ከሥራዎ ብዛት የተነሣ ረስተውኝ እንደሆነ፣ ማሕሙድ እባላለሁ፤ ከሮቢ ወንዝ በተጠለፈው ቦይ ዳር ዳሩን በብስክሌት እየተመላለስኩ የአንዱን መዝጊያ ዘግቼ የሌላውን የምከፍት የማኅበሩ ውሃ አከፋፋይ ነኝ። ውሃው ሲበዛ የምሰደበው፣ ሲያንስም የምሰደበው እኔ ነኝ።

እንደሚያስታውሱት እስከ አምና ድረስ ውሃውን የምንካፈለው ኋላ ቀር በሆነ ዘዴ ነበር። ከቀትሩ የዙሁር አዛን እስከ ከሰዓት በኋላው የአሱር አዛን አንድ ተራ ነው ይባልና መዝጊያው ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አዛኑን ሰምቶ አካፋውን ይዞ ይነሣል። ሙአዚኑን ጉንፋን የያዘው ቀን በጥላ፣ ደመና የሆነ ቀን ደግሞ ከደሴ በሚመጣው አውቶቡስ እንተዳደር ነበር። ጠብ አልነበረም ማለቴ አይደለም። ጠብ ነበረ፤ ጠቡ ግን ቃለ ጉባኤ አልነበረውም።

ኮሚቴዎ ይህን አሳፋሪ ሁኔታ ለማስወገድ ሰዓት እንዲገዛ በመወሰኑ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ሰዓት ያስፈልገን ነበር፤ ይህን ያለ ቀልድ ነው የምለው። ቀኑን ሙሉ ብስክሌት ላይ ለሚውል፣ ጭቃ ለጭቃ ለሚሄድ፣ መዝጊያ ለማንሣት እስከ ክርኑ ውሃ ውስጥ ለሚገባ ሰው የሚሆን፣ ማኅበሩም ወገቡ ሳይጎብጥ የሚገዛው ጠንካራ ሰዓት ያስፈልገን ነበር። የተገዛልን ግን ሌላ ስለሆነ ቅሬታዎቼን በቁጥር አቀርባለሁ፤ ቁጥር የሌለውን ቅሬታ ኮሚቴው እንደማያነብ ባለፈው ጊዜ ተነግሮኛልና።

1ኛ/ ስለ አመራረጡ። የኮሚቴው ጸሐፊ ጓድ ንጉሤ ለዚሁ ጉዳይ አዲስ አበባ ድረስ ደክመው፣ ሰዓቱን በገዛ እጃቸው ላይ አስረው፣ እጃቸውንም የባለ ሱቁ ጠረጴዛ ላይ አሳርፈው ለረጅም ጊዜ እንደተመለከቱት በሪፖርታቸው ሰፍሯል። «ለእጅ ግርማ ይሰጣል» የሚለውን ዐረፍተ ነገር በሙሉ ልብ እደግፋለሁ። ጠረጴዛ ላይ ለሚያርፍ እጅ እንዲህ ያለ ሰዓት አይገኝም፤ የእኔ እጅ የሚያርፈው የብስክሌት መሪ ላይ መሆኑ የሰዓቱ ጥፋት አይደለም። ውሃ ይችል እንደሆነም ጠይቀዋል። ባለ ሱቁ «አሳምሮ ይችላል፤ ብቻ እጅዎን ሲታጠቡ ያውልቁት» ብሎ አረጋግጦላቸዋል። ይህ ማረጋገጫ በቃለ ጉባኤው «ውሃ የሚችል» ተብሎ መመዝገቡን ሳይ፣ ጓድ ንጉሤ የተጓዙበት መንገድ ምን ያህል አድካሚ እንደነበረ ተረዳሁ።

2ኛ/ ስለ መልኩ። ሰዓቱ ቁጥር የለውም። በቁጥር ፋንታ ቀጫጭን የወርቅ መስመሮች አሉት፤ በወርቃማው ፊቱም ላይ ወርቃማ እጆች ይዞራሉ። በይፋት ፀሐይ፣ ከኮርቻ ላይ ሆኜ ስመለከተው የማየው ፀሐይዋን ብቻ ነው። ስለዚህ ከብስክሌቷ እወርዳለሁ፣ ባርኔጣዬን አወልቃለሁ፣ አጠላበታለሁ፣ ጎንበስ ብዬም አነባለሁ። ጥላ ማየት በኮሚቴው ከተከለከለ ወዲህ እንኳ ጥላ ሳልፈልግ የዋልኩበት ቀን የለም። ማሰሪያው ደግሞ ቆዳ ነው። በላቤና በቦዩ ውሃ ሲርስና ሲደርቅ ሰንብቶ አሁን ጠረኑ ከሩቅ ያስታውቃል። የባለ በቆሎው የጋሼ ደምመላሽ ውሻ ቀድሞ ይጮህብኝ ነበር፤ አሁን እጄን እያየ ምራቁን ይውጣል።

3ኛ/ ስለ ቀን መቁጠሪያው። ሰዓቱ ቀን የሚያሳይ ትንሽ መስኮት አለው፤ በኮሚቴው ዘንድ እንዲመረጥ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ይኸው መስኮት እንደሆነ ሰምቻለሁ። መስኮቱ ግን ለፈረንጅ ወር የተሠራ ስለሆነ እስከ ሠላሳ አንድ ይቆጥራል። ታኅሣሥ አልቆ አገሩ ሁሉ ጥር አንድ ሲል፣ የእኛ ማኅበር ብቻውን ታኅሣሥ ሠላሳ አንድን አከበረ። የዚያን ቀን ባለ ተራ በዝርዝሩ ላይ ስላልነበረ፣ ውሃውን ለማን እንደምከፍት ጠፍቶኝ ቦዩ ዳር ቆሜ ሲወርድ ሳይ ዋልኩ። በማግስቱ ኮሚቴው በአስቸኳይ ተሰብስቦ አንድ ቀን እንድዘል ስለፈቀደልኝ አመሰግናለሁ። ጳጉሜን ሲገባ ምን እንደሚውጠን ግን አላህ ያውቃል፤ ከአሁኑ ንዑስ ኮሚቴ ቢቋቋም ምኞቴ ነው።

4ኛ/ ስለ ማክሰኞው ጉዳይ። ከዚህ በላይ ያሉትን ሦስቱን እንደ ሰላምታ ይቁጠሩልኝ፤ ደብዳቤውን ያስጻፈኝ ይህ ነው።

የኮሚቴው ውሳኔ እንዲህ ይላል፦ «የማንኛውም ሰው ተራ የሚጀምረውና የሚያልቀው በኮሚቴው ሰዓት ብቻ ይሆናል፤ አዛን፣ ጥላና የአውቶቡስ መምጣት እንደ ማስረጃ አይቆጠሩም፤ ሰዓቱን ጠዋት ጠዋት ከመሙላት በቀር መነካካት ክልክል ነው።» በዚሁ መሠረት ማክሰኞ ከሁለት እስከ ስድስት ሰዓት የጋሼ ደምመላሽ በቆሎ፣ ከስድስት እስከ አሥር የእትዬ ሩቂያ ሽንኩርት፣ ከአሥር በኋላ የእርስዎ ፓፓያ ተራ ነበር። ረፋድ ላይ ከላይኛው መዝጊያ ወደ ታችኛው ስወርድ፣ ከማንጎዎቹ ሥር ያለው፣ እንዲደፈን አምና ያመለከትኩበት ጉድጓድ ውስጥ የፊት ጎማዬ ገባ። እኔ አልወደቅሁም። ሰዓቱ ግን፣ ኋላ እንደተረዳሁት፣ እዚያው ሥራውን ለቀቀ።

የዙሁር አዛን ሲሰማ ባየው አምስት ከሃያ ይላል። አንድም መዝጊያ ሳልነካ ወደ ቢሮዎ መጣሁ። እርስዎም እጄን ይዘው ሰዓቱን በጥሞና ተመለከቱና «ገና አርባ ደቂቃ አለው፤ ምን አስቸኮለህ?» አሉኝ። «ጓድ፣ ቆሟል እኮ» ብል፣ «መቆሙን በምን አወቅህ?» አሉኝ። «በአዛኑ» አልኩ። አዛን ማስረጃ አለመሆኑን በትዕግሥት አስረዱኝ። ጊዜ በቆመበት ቀን ትዕግሥት የሚያንሰው ሊቀመንበር ቢኖረን ኖሮ ምን ይውጠን እንደነበር እያሰብኩ ተመለስኩ።

ከዚያች ሰዓት ወዲህ ውሃው ጋሼ ደምመላሽ ማሳ ላይ ነው። ጋሼ ደምመላሽ በመጀመሪያው ቀን መረቁኝ፤ በሁለተኛው ቀን ለመኑኝ። «ማሕሙድ ልጄ፣ ኧረ በቃኝ፤ በቆሎዬን ዋና ልታስተምርልኝ ነው እንዴ?» ይላሉ። ዛሬ ጎሕ ሲቀድ ከማሳቸው ውስጥ እንቁራሪት ሲጮህ ሰምቻለሁ። ሞልቶ የተረፈው ውሃ ቁልቁል እየፈሰሰ የእርስዎን ፓፓያዎች ሥር ሌት ተቀን ሲያርስ ሳይም፣ የኮሚቴው ጥናት ለምን መቸኮል እንደሌለበት ይበልጥ ግልጽ ሆነልኝ።

በአንድ ድንበር ብቻ የምትለየው የእትዬ ሩቂያ ማሳ ግን ጠብታ አላገኘችም። እትዬ ሩቂያ ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ዓመት የሚሻገሩት በዚያ ሽንኩርት እንደሆነ እርስዎም ያውቃሉ። ሽንኩርቱ ራስ መቋጠር የጀመረው በዚህ ሳምንት ነው፤ መሬቱ ተሰነጣጥቋል፣ ቅጠሉም ከጫፉ ቢጫ ሆኖ መተኛት ጀምሯል። እሳቸው ድንበሩ ላይ ተቀምጠው ከማዶ የሚያብለጨልጨውን ውሃ እያዩ ይውላሉ። ባለፍኩ ቁጥር «ማሕሙድ፣ ስንት ሰዓት ሆነ?» ይሉኛል። «አምስት ከሃያ» እላለሁ። «ቅድምም እንዲሁ ነበር ያልከኝ» ይላሉ። «አዎ፣ ያው ነው» እላለሁ። ትናንት ግን አልሳቁም። «ሽንኩርቱ እኮ ሰዓት አያነብም፤ እስቲ ንገርልኝ» አሉኝ። ይኸው ነገርኩላቸው።

ኮሚቴው ትናንት አቤቱታቸውን ሰምቶ «ተራዎ አልተነካም፤ ገና አልደረሰም» ሲል መወሰኑን፣ ሰዓቱ መቆም አለመቆሙም ጓድ ንጉሤ በሚቀጥለው ጊዜ አዲስ አበባ ሲሄዱ ባለሙያ ተጠይቆ እስኪታወቅ በጥናት ላይ መሆኑን ሰምቻለሁ። ያልደረሰን ተራ ማንም ሊነጥቃቸው እንደማይችል ሲረጋገጥላቸው ምን ያህል እንደተጽናኑ፣ ከስብሰባው ሲወጡ ፊታቸውን ያየ ያውቀዋል።

5ኛ/ ይህ ቅሬታ ሳይሆን ሐሳብ ነው፤ ቁጥር የሰጠሁት እንዲነበብልኝ ነው። በአውቶቡስ ማቆሚያው ሰዓት የሚሸጠው አሊዪ አንድ ጥቁር፣ ወፍራም፣ መልከ ጥፉ ሰዓት አለው፤ ዋጋው የእኛ ከተገዛበት ግማሽ አይሞላም። አሊዪ ነጋዴ ስለሆነ ምላሱን አላመንኩም። አውቶቡስ በመጣ ቁጥር ሰዓቱን አስፋልት ላይ ወርውሮ ያነሣል፤ ተሳፋሪው ያጨበጭባል፤ አውቶቡሱ ሲሄድ ግን እንደ እንቁላል በጨርቅ ጠቅልሎ ሲያስቀምጠው አይቻለሁ። ስለዚህ ትናንት ተውሼው ዋልኩ። በብስክሌቷ መሪ ላይ አስሬ በማንጎዎቹ ጉድጓድ አሳለፍኩት። ቦዩ ውስጥ ከነእጄ ከተትኩት። ማሰሪያው ሸራ ስለሆነ የጋሼ ደምመላሽ ውሻ አሽትቶ ተወው። ቁጥሮቹ ትልልቅ ናቸው፤ ከኮርቻ ሳልወርድ አነበብኳቸው፤ ሲመሽም ያበራሉ። መስተዋቱ ወፍራም ነው፣ ጀርባው በብሎን የታሰረ ነው። ከማታው የመግሪብ አዛን ጋር ሳስተያየው ጥቂት ወደ ኋላ ቀርቷል፤ ግን እየሄደ ነው የቀረው። ቀን የሚያሳይ መስኮት የለውም፤ ስለማያውቀው ነገር ዝም ማለት መቻሉ ከሁሉ ይልቅ አስደስቶኛል። ለእጅ ግርማ እንደማይሰጥ ግን አልደብቅም፤ ግርማ ለሚያስፈልገው ስብሰባ የወርቁን ሰዓት ጓድ ንጉሤ ቢያስሩት ሁለቱም ያምርባቸዋል።

ክቡር ጓድ ሊቀመንበር፣ እስካሁን ላሳዩኝ አባታዊ ትዕግሥት፣ ኮሚቴው ለእኔ እጅ ውበት ለተጨነቀው ጭንቀት፣ እንዲሁም ማክሰኞ ተነሥቼ እስከ ዛሬ ሐሙስ ድረስ በአንድ ረፋድ ውስጥ እንድኖር ስላደረጋችሁኝ ያደረብኝን ምስጋና በምን ቃል እንደምገልጽ አላውቅም። መልስዎን በሚመችዎ ጊዜ ይላኩልኝ፤ የትም አልሄድም፣ ጊዜውም አይሄድም።

ብስክሌቴን ከግድግዳ አስደግፌ፣ ባርኔጣዬን በሁለት እጄ ይዤ፣ ጭቃዬን ከቢሮው ደጃፍ ሳላሳልፍ እጅ የምነሣ፣

ማሕሙድ አብዱረሂም
የማኅበሩ ውሃ አከፋፋይ፣ ብስክሌተኛና የቆመው ጊዜ ዘበኛ

ግልባጭ፦
ለወፍጮ ቤቱ ግድግዳ
ለአውቶቡስ ማቆሚያው ሻይ ቤት በር
ለእትዬ ሩቂያ (ራሳቸው ያነቡታል፤ በመሠረተ ትምህርት ከክፍላቸው አንደኛ ነበሩ)

እርማት፦ ከዚህ በላይ በመግቢያውና በተራ ቁጥር አራት፣ ጊዜ አምስት ሰዓት ከሃያ ላይ እንደቆመና ውሃውም ጋሼ ደምመላሽ ማሳ ላይ እንደሆነ የተገለጸው፣ ደብዳቤው ሳይለጠፍ ትክክል መሆኑ ስለቀረ እንደሚከተለው ታርሟል። ደብዳቤውን ይዤ ስመጣ የፊት ጎማዬ ከማንጎዎቹ ሥር ያለው ጉድጓድ ውስጥ ሳላየው ገብቷል። ሦስቱንም ጊዜ ሳላየው ነው። በሦስተኛው የኮሚቴው ሰዓት በገዛ ፈቃዱ ተነሥቶ ሄደ፤ ስድስት ሰዓት ሲልም በውሳኔው መሠረት የጋሼ ደምመላሽን መዝጊያ ዘግቼ የእትዬ ሩቂያን ከፈትኩ፤ ስድስት ከአምስት ላይ ሰዓቱ እንደገና ቆመ። መነካካት ክልክል ስለሆነ አልነካሁትም፤ እንዳይነቃነቅም ብዬ ብስክሌቷን ቀስ አድርጌ ገፍቼ ነው የመጣሁት። ስለዚህ «አምስት ከሃያ» የሚለው ሁሉ «ስድስት ከአምስት» ተብሎ ይነበብ። የእትዬ ሩቂያ ተራ በኮሚቴው ሰዓት እስከ አሥር የጸና ነው፤ ሽንኩርቱ ሲበቃው የሚተርፈው ውሃም በእሳቸው ማፋሰሻ በቀጥታ ወደ ወንዙ ይመለሳል እንጂ ወደ ሌላ ተክል አይወርድም። ከእሳቸው ቀጥሎ ያሉት ባለ ተራ፣ የፓፓያዎቹ ባለቤት፣ ተራቸው እንዳልተነካና ገና እንዳልደረሰ በታላቅ አክብሮት ይገለጽላቸዋል።