በገናው ለእኔ ደረሰ

ለምወድሽ እህቴ ለእሌኒ ታገኘ፤

እታለም፣ እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ? የስፌት መኪናው ላይ ስታጎነብሺ ያምምሽ የነበረው ትከሻሽ ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ማታ ማታ ይቆረጥምሻል? እህል ይበላልሻል? እንቅልፍስ ይወስድሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም በሕይወት በጤና አለን። አባባ ደኅና ነው፤ እማማም ደኅና ናት። ትንሹ ወንድማችን ይግዛው የፊት ጥርሶቹ ወልቀው ሲስቅ በሩ የተከፈተ ጎተራ መስሏል እንጂ እሱም ደኅና ነው። ከተራራው የሚወርደው ነፋስ ግን ዘንድሮ ጆሮ ይቆርጣል። አንቺ ሐዋሳ ላይ በሙቀቱ ስትማረሪ እኛ እዚህ ጋቢ ደርበን እንማረራለን፤ መቼም ሰው የሚማረርበት አያጣ።

ባለፈው ስትደውዪ "ኦርኬስትራ ገባሁ የምትዪው ምኑ ነው?" ብለሽ ጠይቀሽኝ፣ ገና ልነግርሽ አፌን ስከፍት መስመሩ ተቋረጠ። ነገሩም በስልክ የሚያልቅ አይደለም። ስለዚህ ከሥር ከመሠረቱ እጽፍልሻለሁ፤ ተመቻችተሽ ተቀመጪና አንብቢው።

መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ሲከፈት አዲሱ የአማርኛ መምህራችን፣ መምህር ፍቅረ ሥላሴ ይባላሉ፣ ሰልፍ ላይ ወጥተው "የባህል ኦርኬስትራ ልናቋቁም ነው፤ መግባት የሚፈልግ ከትምህርት በኋላ ከቤተ መጻሕፍቱ አጠገብ ወዳለው ክፍል ይምጣ" አሉ። ያን ቀን የመጣውን ተማሪ ብታዪ የቅዳሜ ገበያ የፈሰሰ ይመስልሻል። ኦርኬስትራ የገባ ቴሌቪዥን ላይ ይወጣል የሚል ወሬ ማን እንደነዛው አይታወቅም። በመስኮት የገባም ነበር።

መምህሩ ግን አልተደናገጡም። ጠመኔ አንሥተው ምንም ሳይጽፉበት በጣታቸው እያሽከረከሩ ከእኛ የሚጠብቁትን ይዘረዝሩልን ጀመር። "ከእኔ ቀድማችሁ ትገኛላችሁ እንጂ ከኋላዬ አትመጡም። ጥፍራችሁን ታሳጥራላችሁ። አንዱ ሲናገር ሌላው ክር አይነካም። ፈተና የወደቀ መሣሪያውን አስቀምጦ ደብተሩን ይይዛል። ወላጁ ያልፈቀደለት አይገባም። በዝግጅት ቀን የቀረ ደግሞ እንደወጣ ይቆጠራል" አሉ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ጭንቅላቱን ይነቀንቅ ነበር። "እስከ ጥቅምት መጨረሻ መሣሪያ የሚነካ የለም፤ መስማትና ማጨብጨብ ብቻ ነው የምንማረው" ሲሉ ግማሹ ተነሥቶ ወጣ። "መሣሪያችሁንም የምመርጥላችሁ እኔ ነኝ" ሲሉ ከቀረነው ብዙው ተከተለ። በመስኮት የገቡት በበር ወጡ።

እኔ የቀረሁት ለከበሮው ብዬ ነው። ታውቂኛለሽ፤ በየሠርጉ ከበሮ ከእጄ የሚነጥቀኝ አልነበረም። እማማ "ይህች ልጅ ስትወለድ ቀድሞ የወጣው መዳፏ ነው" የምትለኝ ለዚህ አይደል? ጥቅምትን ሙሉ እያጨበጨብሁ፣ ዓይኔን ከከበሮው ሳላነሣ ከረምሁ።

ኅዳር ሲገባ መሣሪያው ታደለ። ከበሮው ለእስከዳር ደረሰ። እስከዳር የቄስ ማዕረግ ልጅ ናት፤ አብራን ውኃ ትቀዳ የነበረችው፣ ስታወራ ጆሮሽን ካላስጠጋሽ የማትሰማው ቀጭኗ ልጅ። መምህሩ ጥግ ላይ በጨርቅ ተሸፍኖ ወደቆመው በገና ሄዱና ጨርቁን ገፈው "ውቢት፣ ይኸ ያንቺ ነው" አሉኝ። "መምህር፣ ተሳስተው ይሆናል" አልኋቸው። "አልተሳሳትሁም። አንቺ መቸኮል ትወጃለሽ፤ በገና ደግሞ የቸኮለ አይወድም። ትጣላላችሁ፤ ኋላ ትታረቃላችሁ" ብለው ሳቁ።

መጣላቱስ ተጣላን። አውታሩ አሥር ነው፤ አንዱን ሳጠብቅ ሌላው ይላላል። ድምፁ ቅል ውስጥ የገባች ንብ ይመስላል። ለልምምድ ወደ ቤት ይዤው ስሄድ ነፋሱ እኔንም በገናውንም አንድ ላይ ይገፋናል። የባጃጅ ሾፌሮች ደግሞ ቆም እያሉ "እህት፣ መቃኑን የት ልትገጥሚው ነው?" ይሉኛል። ቤት ስጫወት ይግዛው ጆሮውን ይይዛል፤ እማማ ሥራ እንዳለባት ትዝ ይላትና ወደ ጓሮ ትወጣለች። ቆማ የምትሰማኝ ያቺ አባባ ለቱሪስት ዕቃ የሚጭንባት በቅሎ ብቻ ነበረች።

በጥር ወር ልምምዳችንን ለወላጅ ስናሳይ አባባ መጣ። ከበሮው፣ ክራሩ፣ ማሲንቆው፣ ዋሽንቱ ሲደባለቅ የእኔ በገና የት ይሰማል? አባባ ሲያልቅ ወደ እኔ መጥቶ፣ ክፋት ሳይኖርበት፣ "ልጄ፣ ጣትሽ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ፤ ምን ስትሠሪ ነበር?" አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ውስጤ ግን አለቀሰ። በማግሥቱ መምህር ፍቅረ ሥላሴ ዘንድ ሄጄ መሣሪያዬን ይለውጡልኝ ብዬ ለመንኋቸው። "እስከ ፋሲካ ታገሺ፤ ያኔም ካልወደድሽው ከበሮውን ከእስከዳር ጋር በፈረቃ አደርግላችኋለሁ" አሉኝ። እኔም ፋሲካን እንደ ልጅነታችን መናፈቅ ጀመርሁ።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ የተገለበጠው። የዞኑ ትምህርት ቤቶች ሁሉ ደባርቅ ላይ ተሰብስበው የባህል ዝግጅት የሚያሳዩበት ቀን ተቆርጦ መጣ። ዳባት ይመጣል፤ ዛሪማም ይመጣል። እኛ በደስታ ዘለልን። ኋላ ቀኑን ስናስተውለው ዐቢይ ጾም ውስጥ፣ የመጻጉዕ ሳምንት ላይ ዋለ።

መምህሩ ወላጆችን ሰበሰቡ። ቄስ ማዕረግ ተነሥተው፣ ሳይቆጡ፣ "መምህር፣ ልጄ የእናንተን ሥርዓት አክብራለች። በጊዜ መጥታለች፤ ጥፍሯንም ቆርጣለች። እኛም ሥርዓት አለን። በዚህ ጾም ቤተ ክርስቲያን እንኳ ከበሮዋን አስቀምጣለች፤ ልጄ ለጭብጨባ ብላ አትመታም" አሉ። መምህር ፍቅረ ሥላሴ ፊታቸው ቀላ። "አባ፣ ቀኑን የቆረጥሁት እኔ አይደለሁም። ዘንድሮ ምንም ካላሳየን ይህን ክፍል ለዕቃ ማከማቻ ሊመልሱት ነው። የቀረ እንደወጣ ይቆጠራል ብለንም ተስማምተን ነበር" አሉ። ቄስ ማዕረግም "እንግዲያውስ ወጥታለች" ብለው የእስከዳርን እጅ ያዙና ተነሡ። የማሲንቆ መቺው አባት ተነሣ። ሌሎቹም ነጠላቸውን እያጣፉ መነሣት ጀመሩ። እስከዳር አንገቷን ደፍታ እንባዋ ጫማዋ ላይ ሲንጠባጠብ አየሁ። ያን ሁሉ ወር የለፋንበት ነገር በበር ሊወጣ ነው።

የእኔ አፍ መች አርፎልኝ ያውቃል? "በገናስ?" አልሁ። ሁሉም ዞሮ አየኝ። ቄስ ማዕረግ "በገናስ ምን ሆነ?" አሉኝ። "በገናም ይጾማል ወይ?" አልኋቸው። ቤቱ በሳቅ ሞላ። እሳቸውም ጢማቸውን እያሻሹ ፈገግ አሉና "የለም ልጄ፤ በገናማ የጾም ወዳጅ ነው" ብለው ተመልሰው ተቀመጡ። እሳቸው ሲቀመጡ ሌላውም ተቀመጠ። ከዚያ ሁሉም እኔን ማየት ጀመረ። እታለም፣ ምን እንዳደረግሁ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። በገዛ አፌ ተያዝሁ።

ጨዋታው በሙሉ ከሥሩ ተለወጠ። በገና ይመራል፤ ክራርና ዋሽንት ቀስ ብለው ይከተላሉ፤ የቀረው በድምፅ ይቀበላል። ግጥሙን ቄስ ማዕረግ ራሳቸው አወጡልን፤ እንዲህ ይላል፦

ቀኑ ሲመሽብኝ፣ ስደርስ ከደጅህ፣
አትበለኝ ማነሽ፣ እኔም ነኝ ልጅህ።

ቃሉ እንዲህ ያማረ ሲሆን እኔ ግን አበላሸው ነበር። እቸኩላለሁ። ክራሩ ሲደርስብኝ እኔ ሌላ ስንኝ ላይ ነኝ። መምህሩ "ውቢት፣ ወዴት ነው የምትሮጪው? አውቶቡስ አመለጠሽ?" ይሉኛል። እስከዳር ደግሞ ከበሮዋ ከተሸፈነ ወዲህ እጇን አጣጥፋ ትቀመጣለች፤ አታናግረኝም። "ምን አደረግሁሽ?" ብላት "አንቺማ ምን ጎደለብሽ" አለችኝ። እኔም መልስ አላጣሁም፤ ኅዳር ላይ ከበሮው ለእሷ ሲደርስ የተሰማኝን ሁሉ ነገርኋት። እንዲያ እንደምመኘው አታውቅም ነበር።

በማግሥቱ ልምምድ ላይ እንደ ልማዴ ስሮጥ፣ እስከዳር ከተቀመጠችበት ተነሥታ በርጩማዋን ከኋላዬ አምጥታ ቁጭ አለች። እጇን ትከሻዬ ላይ አድርጋ በአንድ ጣቷ ትመታኝ ጀመር። ቀስ፣ ቀስ፣ እንደ ልብ ምት። "ይህን ጠብቂ፤ ከዚህ አትቅደሚ" አለችኝ በጆሮዬ። እኔ ጣቷን ጠበቅሁ፤ ሌላው እኔን ጠበቀ። መምህር ፍቅረ ሥላሴ አፋቸውን በመዳፋቸው ይዘው ወደ መስኮቱ ዞሩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከዳር ከኋላዬ ተለይታ አታውቅም።

ባለፈው ሐሙስ ቀኑ ደረሰ። አዳራሹ እስከ በሩ ሞልቷል። ዛሪማዎች ክራራቸውን ይዘው ቀልደኛ ግጥም እየደረደሩ ሰዉን ሆዱን አሳመሙት። ዳባቶች ደግሞ ዋሽንት ነፊ ብቻ ይዘው መጡ፤ ሲነፉ ግን እንኳን ሰው፣ ግድግዳውም ያዳመጠ ይመስል ነበር። ከዚያ እኛ ተጠራን። በብርዱ ጣቴ ደንዝዟል፤ በገናውን ያቀፍሁት ልጫወትበት ይሁን ልደገፍበት አላውቅም።

ጀመርሁ። ከኋላ አንድ ጎረምሳ ጮክ ብሎ "ኧረ ተኛን!" አለና ተሳቀ። ያን ስሰማ ደሜ ፈላ፤ ጣቴ ሮጠ። ክራሩ ተደናበረ። ያኔ የእስከዳር ጣት መምታቱን ትቶ ትከሻዬን ጫን አድርጎ ያዘኝ። እኔም ቆምሁ። ሁሉም ቆመ። በቃ፣ ተዋረድን አልሁ። ከዚያ ጣቷ ቀስ ብሎ አንድ ጊዜ ወረደ። ደግሞ አንድ ጊዜ። በሦስተኛው እንደገና ጀመርሁ፤ በዝግታ። ስንኙ ላይ ስንደርስ ድምፄ የእኔ አልመስል አለኝ። የሚስቅ አልነበረም። ፊት ለፊት የተቀመጡ እናቶች ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ሲያነሡ አየሁ።

ጨረስን። አንድም ሰው አላጨበጨበም። ለዛሪማ ተጨብጭቧል፤ ለዳባት ተጨብጭቧል፤ ለእኛ ምንም የለም። እስከዳር እጄን ፈልጋ ያዘችኝ። ያን ጊዜ ከመካከል አንድ ሽማግሌ በዘንጋቸው ተደግፈው ተነሡና "ቃለ ሕይወት ያሰማልን!" አሉ። አዳራሹ በሙሉ በአንድ ድምፅ "አሜን" አለ። እታለም፣ ጭብጨባ ብዙ ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ አሜን ያለ ነገር ግን ሰምቼ አላውቅም።

አንደኛ ዳባት ወጣ፤ የሚገባቸው ነው፣ አልዋሽም። እኛ ሁለተኛ ወጣን። ርእሰ መምህሩም የክፍሉን ቁልፍ ለመምህር ፍቅረ ሥላሴ በሰው ፊት አስረከቧቸው። አባባ በገናውን ከእጄ ተቀብሎ ትከሻው ላይ አደረገና፣ አቋራጩ እያለለት፣ በዋናው መንገድ ዞሮ ወደ ቤት ወሰደው። ሰው ሁሉ እየቆመ ሲጠይቀው "የልጄ ነው" ይላል። ያልጠየቀውም ሲያልፍ አስቁሞ ነገረው።

ትናንት መምህሩ ጠርተውኝ "ፋሲካ ደረሰ፤ እንግዲህ ከበሮውስ?" አሉኝ። "እስከዳር ትያዘው፤ እኔ ገና ከአራቱ አውታር ጋር እንጂ ከአሥሩ ጋር አልታረቅሁም" አልኋቸው። አንድ ነገር ግን ለምኛቸዋለሁ፤ ለዳግማይ ትንሣኤ ሠርግ ሲኖር በከበሮዋ ትንሽ ብታስመታኝ እንዳይቆጧት።

እንግዲህ ሰላምታ ላድርስልሽ። አብራሽ ለምትኖረው ለናዝራዊት፣ ታመሽ ሳለሽ ሾርባ ስለሠራችልሽ እግዚአብሔር ይስጥልኝ በዪልኝ። ለአከራይሽም ለእትዬ ዘርፈሽዋል እጅ ነሥቻለሁ። አባባ "በርቺ፣ አንገትሽን አታቀርቅሪ" ብሎሻል። ይግዛው ኳስ ላኪልኝ ብሏል፤ እንዳትሰሚው፣ መስኮቱ ገና አልተጠገነም። እስከዳርም ሰላም ብላሻለች፤ ይህን ስጽፍ አጠገቤ ሆና ስሟ ስንት ቦታ እንደተነሣ እየቆጠረች ነው።

እማማ ደግሞ ለፋሲካ ብላ ያሳደገችው ቀይ አውራ ዶሮ አለ፤ ደረቱን ነፍቶ ግቢውን እንደ ጭቃ ሹም ይዞራል። "እሌኒ ሳትመጣ ቢላ አይነካውም" ብላ ምላለች፤ የእናታችንን መሐላ ታውቂዋለሽ። ስለዚህ እባክሽ ፈቃድ ለምነሽ ነዪ። ካልመጣሽ እኛ ከጾማችን፣ እሱ ከሹመቱ ሳንወርድ እንኖራለን።

እህትሽ ውቢት ታገኘ
ደባርቅ፣ ደብረ ዘይት እሑድ
መጋቢት 22 ቀን 2011 ዓ.ም.