ሻምበል ገና በእግሩ ነው

ውድ የልጄ አባት፣

በስልክ «ሻምበልን ሐኪም ጋ ወስደሽ አሳርፊው፤ ውሻዬ ሲሰቃይ ማየት አልችልም» ስትለኝ ድምፅህ ሲሰበር ሰምቻለሁ። ጨክነህ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ከቡችላነቱ ጀምሮ አቅፈህ ያሳደግከው አንተ ነህ። ክፋቱ ልጃችን አጠገቤ ቆማ ሰማችህ። ሄዳ ከሻምበል ጎን ወለሉ ላይ ተኛች።

በእርግጥ ብሶበት ነበር። የዳሌው መጋጠሚያ ተበልቶ፣ ሊነሳ ሲሞክር የኋላ እግሮቹ ይከዱታል። ደረጃውንማ ተሸክሜው ነበር የምወርደው። ቢሆንም ሐኪሟ ዘንድ የወሰድኩት ሌላ መላ እንዳለ ልጠይቃት ነው።

«አንድ መሣሪያ አለ» አለችኝ። «ቆዳው ላይ ሲያርፍ ኃይለኛ የድምፅ ሞገድ ወደ መጋጠሚያው ይልካል። ሕመሙን ሊያስታግስለት ይችላል። እርጅናውን ግን አይወስድለትም፤ ኋላ እንዳታዝኚብኝ።»

«እርጅናውንማ ማን ይወስዳል? ለእኔም አልተገኘልኝ» አልኳት። ሳቀች።

የዳሌውን ጠጉር ላጭታ ቅባት ቀባችው። መሣሪያው ቋ ቋ ማለት ሲጀምር ሻምበል ተንቀጠቀጠ። ጭንቅላቱን ደረቴ ላይ አጥብቄ ይዤ ስሙን እየጠራሁ አባበልኩት። በማግስቱ ጭራሽ ባሰበት። እናቴ «ምን አለፋሽ? የሰውዬውን ምክር ብትሰሚ ምን ነበረበት?» አለችኝ። ሐኪሟ ግን ሕመሙ ለጊዜው ሊነሳበት እንደሚችል አስቀድማ ነግራኝ ስለነበር፣ ጥርሴን ነክሼ መልሼ ወሰድኩት።

ደጋግመን ከተመላለስን በኋላ፣ አንድ ጠዋት ልጃችን ከግቢ ጠራችኝ። «እማ፣ ነይ እዪ፤ ማንም አላነሳውም።»

በራሱ ተነስቶ፣ እያነከሰም ቢሆን ደረጃውን ወርዶ፣ የጎረቤትን ድመት አጥር ላይ ሰቅሏታል። ድመቷ እምብዛም የደነገጠች አትመስልም፤ እሱ ግን እንደ ጀግና ጭራውን ይቆላል። እናቴ በመስኮት አይታው «ይሄ ሽማግሌ አሁንም አደብ አልገዛም?» አለችና ዓይኗን ጠረገች።

ስለዚህ ቁርጡን ልንገርህ። ሕክምናውን አላቋርጥም። ሕመሙ ከሕክምናው የሚበረታበት ቀን እንደሚመጣ አላጣሁትም። ያን ቀን እደውልልሃለሁ። ትመጣለህ፤ ጭንቅላቱን ጭንህ ላይ ታሳርፋለህ። ማየት አልችልም አትለኝም። እየለመንኩህ እንዳይመስልህ፣ እየነገርኩህ ነው።

እስከዚያው ግን በእግሩ ሳለ ና። ልጃችን ቀስ ብሎ መሄድን ከእሱ ተምራለች፤ አንተንም ታስተምርሃለች።

የልጅህ እናት